የአባቴ ጽሑፎች ያሉበት ማሽን

ባለፈው ሳምንት የላፕቶፔ ሃርድ ዲስክ በድንገት ሲበላሽ ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ በቨርቹዋልቦክስ (በኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር በሚያስመስል ፕሮግራም) ውስጥ የማስነሣው የዊንዶውስ ኤክስፒ ማሽን ነበር። አባቴ የትውልድ ሐረጋችንን የጻፈው በድሮ የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌር ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት የጋራ ኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በመሆኑ፣ ቀደም ብለው የተሠሩት ፎንቶች ሆሄያቱን በላቲን ፊደላት ቦታ ያስቀምጡ ነበር፤ ፋይሎቹን ያለ ፎንቱ የሚከፍት ሰው የሚያየው ትርጉም የሌለው የምልክት ድብልቅ ነው።

ባክአፕ በኤክስተርናል ዲስክ ላይ ነበረኝ። የማሽኑን ዲስክ የያዘውን ትልቁን የቪዲአይ ፋይል ወደ አዲሱ ላፕቶፕ ገልብጬ አዲስ ማሽን ፈጠርሁና አያያዝሁት፤ ኤክስፒም ያለ እንከን ተነሣ። ነገር ግን እናቴ የቅድመ አያቶችን ስም አንድ በአንድ እየነገረችኝ ባለፈው ክረምት ያረምነው ፎልደር በቦታው አልነበረም። እጄ ተንቀጠቀጠ።

ጥቂት ከተረጋጋሁ በኋላ ከሁለት ዓመት በፊት ስናፕሾት (ማሽኑ በዚያ ሰዓት ያለበትን ሁኔታ የሚያስቀምጥ ቅጽበታዊ ምስል) ማንሣቴ ትዝ አለኝ። ስናፕሾት ከተነሣበት ሰዓት ጀምሮ ዋናው ዲስክ ባለበት ይቆማል፤ ከዚያ ወዲህ የሚጻፈው ሁሉ ስሙ ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር በሆነ ሌላ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። ዋናውን ብቻ የመለሰ ሰው ስናፕሾቱ ወደተነሣበት ቀን ይመለሳል፤ ስናፕሾትን እንደ ባክአፕ መቁጠር ትልቅ ስሕተት የሚመስለኝም ለዚህ ነው። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ዋናውን ለብቻው ማስነሣት ነው፤ ሁለተኛው ፋይል የዋናውን የመጨረሻ ለውጥ መለያ ቁጥር መዝግቦ ስለሚይዝ፣ ዋናው ከተለወጠ ቁጥሮቹ አይገጥሙም፣ የሁለቱ ፋይሎች ሰንሰለትም አይከፈትም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ያስነሣሁት ቅጂውን እንጂ በኤክስተርናሉ ላይ ያለውን አልነበረም።

አንድ ዓይነት መለያ ያላቸውን ሁለት ዲስኮች ቨርቹዋልቦክስ ባንድነት ስለማይቀበል፣ ያንን ቅጂ ከመዝገቡ አስወጥቼ አጠፋሁት። ከዚያም የማሽኑን ፎልደር ከነስናፕሾቶቹ እንዳለ ገለበጥሁና የትኛው ዲስክ የየትኛው ተከታይ እንደሆነ የሚገልጸውን የቪቦክስ ፋይል ከፈትሁ። ማሽኑ ሲነሣ ፎልደሩ በቦታው ነበር።

ሌላ ተጨማሪ ቅጂ ካስቀመጥሁ በኋላ ስናፕሾቱን ከዝርዝሩ ሰረዝሁት፤ ይህ መረጃውን አያጠፋም፣ ሁለቱን ፋይሎች ያዋሕዳል እንጂ። ማታ ለእናቴ ደውዬ ያቆምነው 41ኛው ገጽ ላይ መሆኑን ነገርኋት።