ሥራ ፈት አጥንት

ዛሬ ከነጋ ጀምሮ ድብርት ላይ ነኝ። ምክንያት የለውም። ጭጋጉ ይሁን፣ ረቡዕ መሆኑ ይሁን፣ እንጃ። እንዲህ ሲያደርገኝ ምን እንደማደርግ ታውቃላችሁ። ሳይክሌን አወጣሁና ከጎንደር ፒያሳ ወደ አዘዞ ቁልቁል ለቀቅሁት።

ጠዳ ላይ ቆሜ ሻይ አዘዝሁ። (ጾሙን በምግቡ እንጂ በሰዓቱ አልጾምም፤ እናቴ እንዳትሰማ።) የሄልሜቴ ማሰሪያ አገጬ ሥር ደርቆ ነጭ ጨው ጋግሯል። በጥፍሬ ስፈገፍገው ሱሪዬ ላይ ረገፈ። ያኔ ነው የሐኪሙ ወዳጃችን ነገር ትዝ ያለኝ። "በላብህ የሚወጣው ጨው ብቻ እንዳይመስልህ፤ ካልሲየምም አብሮ ይሄዳል" ብሎኝ ነበር። ያን ጊዜ ሐኪም መቼም ሳያስፈራራ አይውል ብዬ ስቄ አለፍሁት። ዛሬ ግን ጠዳ ድረስ ተከትሎኝ መጣ።

እሱ እንደሚያስረዳው፣ ሰውነታችን ውስጥ ካለው ካልሲየም 99 በመቶው አጥንትና ጥርስ ውስጥ ነው ያለው። ደም የሚፈልገው መጠን አለ። ከዚያ ሲጎድል ሰውነት ማንንም አያስፈቅድም፤ ከአጥንት ቁጠባው ያወጣል። ለሰዓታት ፔዳል እየመታ ላቡ የሚወርድ ሰው ሂሳቡ የሚወራረደው ከዚያው ነው። የወጣው በምግብ ከተተካ ችግር የለም። ካልተተካ ነው ጣጣው።

ይሄ እንኳ ቀላሉ ነው። ያናደደኝ ሌላው ነው። አጥንት ክብደት ይወዳል። ስንሮጥ፣ ስንዘል፣ ደረጃ ስንወርድ፣ እግር መሬት በመታ ቁጥር አጥንት በጣም በጥቂቱ ይታጠፋል። ውስጡ ያሉት ሴሎች ይሄን ሲሰሙ ቦታውን ማጠንከር ይጀምራሉ። ሳይክል ላይ ግን የሚሸከምህ ኮርቻው ነው። ፔዳሉ ዝም ብሎ ይዞራል፣ የሚመታ ነገር የለም። ልብ ይሠራል፣ ሳንባ ይሠራል፣ ታፋ ይቃጠላል። አከርካሪ ቁጭ ብሎ መንገድ ያያል። ለዚህ ነው አስፋልት ላይ ረጅም ርቀት የሚነዱ ወጣት ወንዶች ሲለኩ የወገብ አጥንታቸው ከሯጮች ሳስቶ የሚገኘው። አንዳንዴማ ምንም ስፖርት ከማይሠራው እኩያቸውም ያንሳል። ሽማግሌ አይደለም የምላችሁ፤ ዳገት በአንድ ትንፋሽ የሚወጣ ጎረምሳ ነው። ጠፈርተኞች ክብደት በሌለበት ሲቆዩ በወር ከ1 እስከ 1.5 በመቶ የዳሌና የወገብ አጥንታቸውን ያጣሉ። የኛ እዚያ አይደርስም፤ ግን ምክንያቱ ዘመዳሞች ናቸው። በድንጋይ ላይ እየተንገጫገጩ የተራራ ሳይክል የሚነዱት ከኛ ይሻላሉ። በየቀኑ የምረግመው የሰፈራችን ኮብልስቶን ለካ ባለውለታዬ ኖሯል።

ሻዩ ቀዘቀዘ። እኔ ግን ሳይክል የምወደው ለምንድን ነው? ሰው ሲጠይቀኝ ለልብ ጤና ነው እላለሁ። ውሸቴን ነው። የምወደው ስለሚያቀለኝ ነው። ቢሮው አለ፣ የቤት ኪራዩ አለ፣ የእህቴ ነገር አለ፣ ያቺም አለች። ኮርቻ ላይ ስወጣ ያ ሁሉ ከላዬ ይወርዳል። አጥንቴን የሚያሳሳውም ይኸው መቅለል ነው። አሁን ይሄ ፍርድ ነው?

ምግቡ ደግሞ አለ። እኛ የሀገራችን ልጅ ፅጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን፣ ያን የፈረንሳዩን ትልቅ የሳይክል ውድድር፣ ሲጋልብ አይተን በሳይክል የተለከፍን ልጆች፣ መክሳት የሙያው ግዴታ መስሎን ቀርቷል። ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ያለውን ዳገት የሚያውቅ ሰው ኪሎ መቀነስ ለምን እንደሚያጓጓ አይጠፋውም። ብዙ እየነዳ ትንሽ የሚበላ ሰው ግን ሰውነቱ መቆጠብ ይጀምራል። ቴስቶስትሮኑ፣ የወንድነት ሆርሞኑ ማለት ነው፣ ይወርዳል፣ የአጥንት ግንባታውም ይቀዘቅዛል። ድሮ የሴት ስፖርተኞች ችግር ብቻ ይባል ነበር። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 ወንዶቹንም ጨመረን።

እኔ ደግሞ ረቡዕና ዓርብ፣ ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ 55 ቀን፣ ወተት የለም፣ እንቁላል የለም። ጾሙን ለማማት አይደለም። ጤፍ ከስንዴ የበለጠ ካልሲየም አለው። ጎመንም አለው። ጎመን በጤና ያሉት ሰዎች ነገሩ ሳይገባቸው አልቀረም። ግን ለአዋቂ በቀን 1000 ሚሊግራም ያስፈልጋል ሲባል ስንት ጭልፋ ጎመን እንደሚሆን አስቡት። ጊዜውም አይጠብቅም። አጥንት ክምችቱን የሚጨርሰው ሠላሳ ዓመት ግድም ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሥራው ያለውን መጠበቅ ነው። እኔ ለሠላሳ ምን ያህል እንደቀረኝ እናንተው ታውቃላችሁ።

ሐኪሙ ሳይክሉን ተው አላለኝም። "ዝለል" ነው ያለኝ። ሩጥ፣ ክብደት አንሳ፣ ዝለል። አጥንት እንደ ልብ ረጅም ሰዓት አይጠይቅም፤ አጠር ያለ ጠንካራ ምት ይበቃዋል። የት ልዝለል? በእስክስታ እንዳልድን ጎንደሬ ነኝ፤ የኛ ጨዋታ ትከሻ ላይ ነው የሚያልቀው። ጉራጌ ሆኜ ብወለድ በየሠርጉ ወገቤ ይጠነክር ነበር።

ማታ ስገባ የአከራዬ ልጆች ግቢ ውስጥ ሱዚ ይጫወታሉ። ቆሜ አየኋቸው። ያለ ሐኪም ምክር እንዲህ ይዘላሉ። "አስገቡኝ" አልኋቸው። ተያዩ። ታላቅየዋ "ጋሼ፣ አሞሃል እንዴ?" አለችኝ። ለአጥንቴ ነው ብል ማን ያምነኛል። ቁርጭምጭሚቱን አለፍሁ። ላስቲኩ ጉልበት ላይ ሲወጣ እግሬን ጠልፎ ሊደፋኝ ነበር። ያን ሁሉ ዳገት የወጣ እግር!

"ተቃጠልህ! ውጣ!" አለች ትንሿ።

ከዚያ ላስቲክ ያዥ አድርገው ገተሩኝ። ቆሞ ላስቲክ መያዝስ ይቆጠር ይሆን? ነገ ሐኪሙን እጠይቀዋለሁ።