«የሰው ቀለም የቱ ነው?» ልጆችን ፖፕ አርት ሳስተምር

ሐዋሳ፣ ታቦር ተራራ ስር ባለው ሰፈራችን ክረምት ክረምት የጎረቤት ልጆችን ሥዕል አስተምራለሁ። ትምህርት ሲዘጋ እናቶች «ሜዳ ለሜዳ ከሚዞሩ አንቺ ጋ ይዋሉ» ይሉኛል። ባለፈው ክረምት የራሳቸውን መልክ በፖፕ አርት፣ ማለትም የዕለት ተዕለት ዕቃንና የታዋቂ ሰው ፎቶን በደማቅ ቀለም በሚሠራው የሥዕል ስልት፣ እንዲሠሩ አደረግኩ። መሞከር ለምትፈልጉ እንዴት እንደሄደ ልንገራችሁ።

ክሬዮኑን ገና ከመዘርጋቴ «ቲቸር፣ የሰው ቀለም የቱ ነው?» ተባልኩ። ያቺን ፈዛዛ ሮዝ ማለታቸው ነው። አንዷ «እኔ ጠይም ነኝ» ብላ ቡናማውን ያዘች። ሌላው «እኔ ደግሞ ቀይ ነኝ» አለና እውነተኛውን ቀይ ብድግ አድርጎ ፊቱን ቲማቲም አስመሰለው። ሁሉም በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ደስ አለኝ፤ ላስተምር የመጣሁትን ነገር እሱ በቀልድ ጀምሮልኛል።

ታሪኩን አላበዛሁባቸውም። አንዲ ዋርሆል የሚባል አሜሪካዊ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1962 የሾርባ ጣሳ በ32 ሸራዎች ላይ ደርድሮ እንደሣለ ነገርኳቸው። «ጣሳ? ምን ሊያደርግለት?» አሉ። እናንተ ጓዳ ሁልጊዜ የማይጠፋው ምንድነው ስላቸው የድልህ ጣሳ፣ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ፣ የዘይት ጀሪካን እያሉ ተንጫጩ። በቃ፣ ገባቸው። በዚያው ዓመት የፊልም ተዋናይቷ ማሪሊን ሞንሮ ስትሞት ዋርሆል አንድ የማስታወቂያ ፎቶዋን ወስዶ 50 ጊዜ ደጋገመው። ግማሹ ባለቀለም ነው፣ ግማሹ ጥቁርና ነጭ። ፊት አንድ ሆኖ ቀለም ሲቀያየር ስሜቱም አብሮ ይቀየራል። ከትምህርቱ ሁሉ ይቺን ከያዙ ይበቃኛል።

ከዚያ መስታወት አደልኩ። ልጆች ዓይንን ግንባር ላይ ነው የሚሰቅሉት። አንድ ጣት አናት ላይ፣ አንድ ጣት አገጭ ላይ አስደርጌ «መሃሉ የት መጣ?» ብዬ ጠየቅኩ። ዓይናቸው ላይ መጣ። አንዳንዱ አላምን ብሎ የጓደኛውን ጭንቅላት በእርሳስ ለካ።

አንድ ልጅ ራሱን በጎን ሣለ። አጠገቡ ያለችው አየችና «ይሄማ ሰይጣን ነው!» አለች። እውነቷን ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቅዱሳን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ሲሣሉ፣ ክፉዎቹ አብዛኛውን ጊዜ በጎን፣ በአንድ ዓይን ነው የሚሣሉት። ገብርኤል ስትሄድ አይታው ይሆናል። አጋጣሚውን ተጠቀምኩበት። ወፍራም ጥቁር መስመር፣ ጥላ የሌለው ድፍን ቀለም፣ ትልልቅ ዓይን፦ የእኛ ልጆች ይህን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ሲያዩት ነው ያደጉት። ፖፕ አርት አዲስ የሚሆንባቸው በወሬ እንጂ በዓይን አይደለም።

ለዋናው ሥራ በር አጠገብ፣ ብርሃኑ ከአንድ ጎን እንዲመጣ አድርጌ በስልኬ ፎቶ አነሳኋቸው። ጥቁርና ነጭ አደረግኩት፣ ኮንትራስቱን (የጥቁሩንና የነጩን ልዩነት) ከፍ አድርጌ ፎቶ ኮፒ ቤት ፕሪንት አስደረግኩ። መስመሩን ወደ ነጭ ወረቀት ለማሳለፍ ካርቦን ወረቀት ካለ ጥሩ ነው። ከሌለ የፎቶውን ጀርባ በለስላሳ እርሳስ አጥቁረው፣ ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጠው መስመሩን መከተል ነው። እንዲህ አራት ቅጂ ያወጣሉ።

አንዲት እናት «ይሄማ ኩረጃ አይደለም?» አሉኝ። ዋርሆል ራሱ ከፎቶ ነው የሠራው፤ እ.ኤ.አ. በ1963 እና 64 የሠራቸው የራሱ ምስሎች መነሻቸው ሳንቲም እየተከተተበት ፎቶ የሚያነሳ ሳጥን ነው። ደግሞ የትኛው መስመር እንደሚቀር የሚወስነው ልጁ ነው። አንዷ ሹሩባዋን ለብቻው አንድ ሰዓት ሠራችበት። እያንዳንዱን ጉንጉን ቆጥራ፣ ክፍተቱን ነጭ ትታ። አፍንጫዋን በሁለት ነጥብ ጨረሰችው። ማነው ኩረጃ የሚለው?

ቀለም ላይ ያወጣሁት ሕግ አጭር ነው፦ ፊት፣ ፀጉርና ጀርባ አንድ ዓይነት ቀለም አይሁኑ። ቀይን ከአረንጓዴ፣ ሰማያዊን ከብርቱካናማ፣ ቢጫን ከሐምራዊ ጎን ስታስቀምጡ ሁለቱም ይጮኻሉ። ጥቁሩ መስመር መጨረሻ ላይ ይሁን። ቅባት ባለው ፓስቴል ላይ ማርከር ስትሄዱበት ጫፉ ይደፈንና ማርከሩ ከጥቅም ውጪ ይሆናል፤ ጥቁር ፓስቴል ይሻላል። ውሃ ቀለም ከሆነ ደግሞ በክረምቱ እርጥበት ቶሎ አይደርቅምና ትዕግሥት ይጠይቃል።

ፊቱ ላይ የምንጨምረውን ነጠብጣብ ከሌላው አሜሪካዊ የፖፕ አርት ሠዓሊ ከሮይ ሊክተንስታይን ነው የወሰድነው። እሱ የኮሚክ መጽሔቶችን የኅትመት ነጥብ አጉልቶ ይሥል ነበር። እርሳስ ጫፍ ላይ ያለችውን ላጲስ ቀለም ነክሮ መምታት ነው፤ ቅልብጭ ያለች ክብ ትወጣለች። ችግሩ ማቆሚያ የላቸውም። ፊቱ በነጥብ ብዛት ኩፍኝ የያዘው የመሰለ ልጅ ነበረ።

ሦስተኛው ቅጂ ላይ ግን ይሰለቻሉ። መስመሩ ያው፣ ፊቱ ያው። መፍትሔው ከዋርሆል ተገኘ፤ ስቱዲዮውን «ፋብሪካ» ይሉት ነበር፣ ረዳቶችም ነበሩት። እኛም ፋብሪካ ሆንን። አንዱ ጀርባ ብቻ ይቀባል፣ ሌላዋ ፀጉር፣ ነጥብ ወዳዱ ነጥቡን። ሰው የእኔን ፊት እንዴት እንደሚቀባው ማየት ራሱ ጨዋታ ሆነ። ጥልም ነበረ፣ አልዋሽም፤ «ለምን ጥርሴን ሰማያዊ አደረግከው?» የሚል።

ሥራዎቹን ግቢ ውስጥ የልብስ ገመድ ላይ በመቆንጠጫ ሰቀልናቸው። ስም አልጻፍንም። አንድ አባት ፊቷ አረንጓዴ፣ ፀጉሯ ሮዝ የሆነውን ሥዕል አዩና ሳይጠይቁ «ይቺ የኔዋ ናት፣ አኩርፋ እኮ ነው» አሉ። «የሰው ቀለም» ብሎ የጠየቀኝ ልጅ አጠገባቸው ቆሞ ሲሰማ ነበር። ከእኔ ማብራሪያ ይልቅ ይሄ ሳይገባው አይቀርም።

ከሰባት ዓመት በታች ላሉት ፎቶውንም አራቱንም ቅጂ ተዉት። መስታወት፣ አንድ ትልቅ ወረቀት፣ ሦስት ክሬዮን። ሮዟን ግን ቀድማችሁ ደብቁ።