ሚያታዬ እንዳትዝግ ኮሮላ ገዛሁ

«ለአንድ ሰው ሁለት መኪና ምን ያደርጋል?»

ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ እጠየቃለሁ። ሥራ ቦታ እጠየቃለሁ። ከደሴ የሚደውሉ ዘመዶቼም ሰላምታው ሳያልቅ ይጠይቁኛል። ቅር አይለኝም። ላቤን ጠብ አድርጌ ያገኘሁትን ገንዘብ ምን ላይ እንዳዋልኩት የሚወዱኝ ሰዎች ቢጠይቁ ደግ ነው። ስለዚህ ዛሬ ረጋ ብዬ ልመልስ።

መልሱ ጨው ነው።

የምኖረው ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ነው። እዚህ መኪና የሚገድለው በረዶው አይደለም። በረዶውን ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ነው። በሴንት ፖልና በሚኒያፖሊስ ዙሪያ ብቻ በዓመት ከ300,000 ቶን በላይ ይበተናል። አያቶቻችን አሞሌ ጨውን እንደ ገንዘብ ይገበያዩበት ነበር። እዚህ ደግሞ ጨው የስንቱን ሰው ገንዘብ ሲበላ አይቻለሁ።

መጀመሪያ ስለ ሚያታ ልንገራችሁ። የ2000 ሞዴል ማዝዳ ሚያታ ናት። ሁለት ሰው ብቻ ትይዛለች። ጣራዋ ሸራ ነው፤ መንጠቆዎቹን ከፍታችሁ በእጅ ወደ ኋላ ታጥፉታላችሁ። ሞተሯ 1.8 ሊትር ነው፤ 140 የፈረስ ጉልበት። በቁጥር ከሄድን ዛሬ ልጅ ትምህርት ቤት የሚያደርሱ መኪኖች ይበልጧታል። ግን ክብደቷ ከአንድ ቶን እምብዛም አያልፍም፤ የሚያስደስተውም እሱ ነው። ማርሿ አጭር ናት። ከሁለት ወደ ሦስት ስትቀይሩ የእጅ አንጓ ብቻ ይበቃል፤ «ቀጭ» ብላ ትገባለች። በጋ ላይ ከሬድ ዊንግ ወደ ዊኖና በሚወስደው 61 ቁጥር መንገድ፣ የፔፒን ሐይቅን በግራ ይዤ ጣራውን ከፍቼ ስነዳ የሳምንቱ ድካም ከላዬ ይወርዳል። ለብዙ ዓመት የተመኘኋት መኪና ናት።

ታዲያ እንዲህ ያለችውን መኪና ጨው ምን እንደሚያደርጋት ገና ሳልገዛት ነው ያየሁት። እዚሁ ከተማ አንድ ቀይ ሚያታ ለሽያጭ ቀርቦ ነበር። ቀለሙ ያብረቀርቃል። ዋጋውም ደህና ነው። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸውን መካኒክ ይዤ ሄድኩ። ጋሼ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አካባቢ ሲሠሩ የኖሩ፣ እዚህም መኪና ሲፈቱ ያረጁ ሰው ናቸው። ሻጩ ሞተሩን ሊያስነሳላቸው ሲል «ቆይ፣ እሱ ይደርሳል» አሉት። አስፈቅደውት ክሪክ አስገቡ። መኪናውን አነሱና ካቻቪቴ ይዘው ተንበረከኩ። በሩ የሚያልቅበት፣ ከኋላ ጎማው ፊት ያለችውን ላሜራ በካቻቪቴው ጫፍ መታ መታ አደረጓት። ጤነኛ ብረት ቀጭን ድምፅ አለው። ይሄኛው የታፈነ ድምፅ ሰጠ። ትንሽ ጫን ሲሉት ካቻቪቴው እስከ እጀታው ገባ። መልሰው ሲያወጡት ቡናማ ቅርፊትና እርጥብ አፈር መሬት ላይ ፈሰሰ።

«አየህ ልጄ፣ ይሄ ላሜራ አይደለም፣ ብስኩት ነው። ላዩን በስቱኮ ሞልተው ቀለም ቀብተውታል። ተነስ እንሂድ።»

ቦታዋን ልብ በሉ። ሸራው ላይ የሚወርደው ውሃ ከመቀመጫዎቹ ኋላ ግራና ቀኝ ባሉ ቀዳዳዎች ወርዶ ከሥር ይወጣል። ቀዳዳዎቹ በቅጠልና በአቧራ ሲደፈኑ ውሃው ከበሩ ሥር ላሜራው ውስጥ ይጠራቀማል። ከታች ጨው፣ ከላይ ውሃ። ላሜራው ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል። ቀለሙ አረፋ ሲያወጣ ካያችሁ ውስጡ አልቋል ማለት ነው። ሚኒሶታ ደግሞ በየዓመቱ ቦሎ ለማሳደስ የመኪና ምርመራ የለም። ስለዚህ ሆዱ የበሰበሰ መኪና እንደ ልቡ መንገድ ላይ ይሄዳል፤ እንደ ልቡም ይሸጣል። እዚህ አካባቢ አሮጌ መኪና የምትገዙ ሰዎች ከሥር ሳታዩ አትግዙ።

ብረት ለመዛግ ውሃና አየር ይበቃዋል። ጨው ሲገባበት ነገሩ ይፈጥናል። ተራው የድንጋይ ጨው ከዜሮ በታች ወደ 9 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርድ አቅሙ ይደክማል። ስለዚህ ብርዱ ሲብስ ማግኒዚየም ክሎራይድ ወይም ካልሲየም ክሎራይድ ይጨምሩበታል። እነዚህ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባሉ። መኪናው ቆሞ እንኳ ሆዱ አይደርቅም። ይባስ ብሎ ጨው የለበሰ መኪና ሞቃት ጋራዥ ውስጥ ሲያድር ዝገቱ ይፈጥናል። ብዙ ሰው ተንከባከብኩት ብሎ የሚያደርገው ይሄንኑ ነው።

በመጨረሻ ሚያታዬን ያገኘልኝ አትላንታ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ነው። ጆርጂያ ውስጥ መንገድ ላይ ጨው ብርቅ ነው። ከሥሯ ገብቼ ሳያት ብሎኖቹ የፋብሪካ መልካቸውን እንደያዙ ነበሩ። ሃያ ዓመት ያለፋት መኪና እንዲህ ሆና ስትገኝ እጅ ያንቀጠቅጣል። 1,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድቼ ወደ ሰሜን ሳመጣት አንድ ነገር ወስኜ ነበር። የዚህን አገር ጨው አትቀምስም።

«የዊንተር ጎማ ገጥመህ ለምን አትነዳትም?» የሚሉኝ አሉ። መንዳቱስ ይቻላል። የሚገፋት የኋላ እግሯ ቢሆንም ጥሩ የዊንተር ጎማ ካላት በረዶ ላይ በደንብ ትሄዳለች። ችግሩ መንሸራተት ቢሆን ጎማ ገዝቼ እገላገል ነበር። ችግሩ ጨው ነው። ለጨው ደግሞ ጎማ አይፈይድም።

ስለዚህ ኮሮላ ገዛሁ። የ2006 ሞዴል፣ 3,400 ዶላር፣ ብርማ።

እዚህ አገር ለዊንተር ብቻ የሚገዛን አሮጌ መኪና ሰዎች ይንቁታል። እስኪወድቅ እየነዱ ሲወድቅ ይጥሉታል። በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። ሥራ የምገባው ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ነው። ከቤት ስወጣ በረዶ ጠራጊው ገና አልመጣም። ከዜሮ በታች 28 ዲግሪ በሆነ ጨለማ ውስጥ መኪና መንገድ ላይ ቢቆምባችሁ እጅና እግር የሚያሳጣ ነገር ነው። በዓመቱ ውስጥ ሕይወቴ በመኪና ላይ የሚንጠለጠለው ያኔ ነው። ታዲያ ለዚያ ወቅት የባሰውን መኪና እንዴት እመርጣለሁ? ሚያታ ለደስታ ናት። ኮሮላ ግን ለነፍስ ነው።

ስገዛው ጋሼ እንደገና አብረውኝ ነበሩ። የበሩ ጠርዝ ላይ ያለውን ትንሽ ዝገት አይተው አለፉት። የፍሬን ዘይት የሚሄድባቸውን ቀጫጭን የብረት ቧንቧዎች ግን በባትሪ መብራት ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከተሏቸው። እነሱ ከዛጉ አንድ ቀን ፍሬን ስትረግጡ ፔዳሉ ወለል ይነካል። ሻንሲውን አዩ። ከዚያ ሞተሩን አስነስተው ማሞቂያውን ሙሉ ከፈቱና እጃቸውን አየር መውጫው ላይ አድርገው ዝም ብለው ቆዩ። «ሞቀ» አሉ። ዊንተር ላይ የማያሞቅ መኪና መስታወቱንም አያጸዳም፤ መስታወት ካልጸዳ ደግሞ ዓይን የለም።

ባትሪውን ወዲያው ቀየርኩት። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ባትሪ ከጉልበቱ ከግማሽ በላይ ያጣል፤ ሞተሩ ደግሞ ዘይቱ ወፍሮ ለመዞር የበለጠ ጉልበት ይፈልጋል። አሮጌ ባትሪ የሚከዳው በዚህ መሃል ነው።

ከሁሉ በላይ ገንዘብ ያፈሰስኩት ጎማ ላይ ነው። ብዙ ወገኖቻችን «ፎር ዊል ስላለኝ አልፈራም» ሲሉ እሰማለሁና ይሄን በደንብ ልበል። ፎር ዊል ለመነሳት ይረዳል። ለመቆም አይረዳም። የሚያቆማችሁ ጎማ ነው። የበጋ ጎማ ከ7 ዲግሪ በታች እየደረቀ ይሄዳል፤ መንገዱን መያዝ ያቅተዋል። የዊንተር ጎማ ግን በብርድም ለስላሳ ሆኖ ይቆያል። ጎኑ ላይ የተራራና የበረዶ ቅንጣት ምልክት ያለበትን ፈልጉ። ደግሞም አራቱንም ቀይሩ። ሁለት ብቻ መቀየር አደገኛ ነው፤ የፊቱ ሲይዝ የኋላው ያመልጣል። ካናዳ ኩቤክ ውስጥ ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 15 የዊንተር ጎማ በሕግ ግዴታ ነው፤ ሞንትሪያል ያላችሁ ታውቁታላችሁ። እዚህ ግዴታ አይደለም፤ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። እኔ አሮጌ የብረት ቸርኬ ገዝቼ ጎማዎቹን እዚያ ላይ አስገጠምኳቸው። ስለዚህ በየወቅቱ ዳዶ ፈትቼ ራሴ እቀይራለሁ።

አምና እማዬ ከደሴ መጥታ ነበር። ጉልበቷን ያማታል። ሚያታ ውስጥ ብትገባ መውጣቱ ጭንቅ ይሆንባት ነበር። ለጥምቀት ቤተ ክርስቲያን የወሰድኳት በኮሮላ ነው። ነጠላዋን በወፍራሙ ጃኬት ላይ አጣፍታ፣ ማሞቂያው እግሯ ላይ እየነፈሰ፣ መንገዱን ሁሉ ስትመርቀኝ ሄደች። ሚያታን ጋራዥ ውስጥ አሳየኋት። ዞር ዞር ብላ አየቻትና «እሷን ለሠርግህ አስቀምጣት» አለችኝ።

ሚያታ የምትተኛው ከተከራየሁት ቤት ጀርባ ባለው ትንሽ ጋራዥ ውስጥ ነው። ማሞቂያ የለውም፤ እኔም አልፈልገውም። ደረቅ ይሁን እንጂ ቢቀዘቅዝ አይጎዳትም። በኅዳር ሚካኤል አካባቢ፣ ጨው መበተን ሳይጀመር አስገባታለሁ። ከዚያ በፊት ዘይቷን እቀይራለሁ፤ ያገለገለ ዘይት ውስጥ እርጥበትና አሲድ ስላለ ሞተር ውስጥ ከርሞ እንዲያድር አልፈልግም። ቤንዚን እሞላና እንዳይበላሽ የሚያደርገውን ፈሳሽ እጨምርበታለሁ። ባትሪዋ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ነው፤ እዚያው ቀስ ብሎ የሚሞላ ቻርጀር አያይዛለሁ። የእጅ ፍሬን አልስብም፤ ፍሬኑ ተጣብቆ ሊቀር ይችላል። ማርሽ አስገብቼ ጎማዋን በእንጨት እደግፋለሁ። የማርሚታው አፍ ላይ አይጥ እንዳይገባ የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ እወትፋለሁ። የውሃ ቀዳዳዎቹን በቀጭን የላስቲክ ቱቦ እጠርጋለሁ። ይሄኛውን ሥራ ለማንም አልሰጥም።

«በየሳምንቱ አስነሳት» የሚለውን ምክር አልቀበልም። ለአስር ደቂቃ የተነሳ ሞተር ዘይቱ በደንብ አይሞቅም። ከቃጠሎው የሚወጣው ውሃ ዘይቱና ማርሚታው ውስጥ ይቀራል። ወይ በደንብ ንዷት ወይ አትንኳት። የበጋ ጎማ እንደገጠመች ስለምትከርም ደግሞ በከባድ ብርድ ገፋ እንኳ አላደርጋትም፤ ጎማው ሊሰነጠቅ ይችላል። የምትወጣው ሚያዝያ ላይ አንድ ሁለት ጥሩ ዝናብ ጥሎ መንገዱን ሲያጥበው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከፋሲካ ጋር ይገጥማል።

የሁለት መኪና ትልቁ ጣጣ ቦታ ነው። ኮሮላው የሚያድረው መንገድ ላይ ነው። በረዶ በዛ ብሎ ሲጥል ሴንት ፖል ከተማ የበረዶ አደጋ ያውጃል። ማታ የሚጠረጉት መንገዶች ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፣ ቀን የሚጠረጉት ደግሞ ከጠዋቱ 2 እስከ ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ባዶ መሆን አለባቸው። መኪናውን ያላነሳ ይቀጣል፤ ተጎትቶም ይወሰድበታል። ስለዚህ የከተማው መልእክት በስልኬ እንዲደርሰኝ ተመዝግቤያለሁ። ደክሞኝ ገብቼ እንደገና ጫማ አድርጌ የምወጣበት ማታ አለ።

ገንዘቡስ? ሚያታ በተኛችባቸው ወራት ኢንሹራንሷን ለስርቆት፣ ለእሳትና ለመሳሰለው ብቻ አደርገዋለሁ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አላቋርጥም። የኮሮላው ኢንሹራንስ ርካሽ ነው፤ ቤንዚንም አይበላም። ለኮሮላው ያወጣሁት የዛገች ሚያታን ከበሩ ሥር ያለውን ላሜራ ግራና ቀኝ ቆርጦ ለማስበየድ ከሚጠየቀው ብዙም አይርቅም። ደግሞ የተበየደ ላሜራ የፋብሪካውን አይሆንም።

ኮሮላውንም ቢሆን ለጨው አልሰጠሁትም። በመስከረም ሆዱን ከበግ ሱፍ በሚወጣው ላኖሊን አስቀባዋለሁ። አየሩ ከዜሮ በላይ ሲሆን ደግሞ ከሥር የሚረጭ መታጠቢያ ፈልጌ አስገባዋለሁ።

ጋራዥ የሌላችሁ ሰዎች በውስጥ መስመር ትጠይቁኛላችሁ። የእኔ ሐሳብ እንዲህ ነው። አንድ ደህና መኪና፣ አራት የዊንተር ጎማ፣ አዲስ ባትሪ ይበቃችኋል። የስፖርት መኪና ገዝቶ አፓርታማ ግቢ ውስጥ፣ ጨው ላይ አቁሞ ማክረምን ግን አልመክርም። እኔም ያ ጋራዥ ባይኖር ኖሮ ሚያታን ከአትላንታ አላመጣትም ነበር።