የፈረንጅ ገና፣ ኬንታኪና የኛ ጾም

ጃፓን ውስጥ የፈረንጅ ገና ሲደርስ ሰው የሚያዝዘው ኬንታኪ ነው። ያው የአሜሪካኖቹ የተጠበሰ ዶሮ፣ በባልዲ ሞልቶ። ማዘዣው የሚከፈተው ከሳምንታት በፊት ነው። ዲሴምበር 24 ማታ ሳያዝዝ የሄደ ሰው ረጅም ሰልፍ ይጠብቀዋል። ደጃፍ ላይ የሚቆመው የኬንታኪ መሥራች የኮሎኔል ሳንደርስ ሐውልት ሳይቀር ቀዩን የገና አባት ልብስ ይለብሳል።

ነገሩ ጥንታዊ አይደለም። ኬንታኪ እኔ በምኖርባት ጃፓን የመጀመሪያ ሱቁን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1970 ናጎያ ከተማ ነው። በ1974 «ለገና ኬንታኪ» የሚል ማስታወቂያ በመላ አገሪቱ ለቀቀ። በቃ፣ ያዘ! ክርስቲያኑ ከመቶ አንድ ያህል ስለሆነ፣ በገና ምን እንደሚበላ ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ወግ አልነበረም። ፈረንጆቹ የሚጠብሱት ተርኪ የሚባለው ትልቅ ወፍ ገበያ ላይ ብዙም አይገኝም። ቢገኝስ በየትኛው ኦቨን? የአብዛኛው ሰው ኩሽና ትንሽ ናት። ዲሴምበር 25 ደግሞ የሥራ ቀን ነው። ከሥራ ሲመለሱ ይዘውት የሚገቡት ምግብ ለዚህ ኑሮ ልክ ነው።

የአገሬ ልጆች ይህን ሲሰሙ «ማስታወቂያ የወለደው ነገር ምኑ በዓል ነው?» ይላሉ። እኔ አልስማማም። ሃምሳ ዓመት አልፎታል እኮ። በልጅነቷ አባቷ ባልዲውን ይዞላት ይገባ የነበረች ጎረቤቴ፣ ዛሬ ለልጅ ልጆቿ የምታዝዘው እሷ ናት። ሲጀመር ለንግድ ይሁን እንጂ፣ አሁን የእሷ ቤት ወግ ነው።

አንድ ዓመት ዲሴምበር 24 ማታ ጠራችኝ። በኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 15 መሆኑ ነው፤ የነቢያት ጾም መካከል። ጾመኛ መሆኔን አስቀድሜ ነገርኳት። ሥጋም፣ ዓሣም፣ ወተትም፣ እንቁላልም እንደማልበላ ስዘረዝርላት ትንሽ አሰበችና «እንደ መነኮሳቱ ምግብ ማለት ነው?» አለችኝ። የቡድሃ መነኮሳት ሥጋና ዓሣ የሌለበት የራሳቸው አበሳሰል አላቸው። ከዚያ በኋላ ማስረዳት አላስፈለገኝም። የጃፓን ሾርባ ከሞላ ጎደል ሁሉም ዓሣ አለበት፤ እሷ ግን ለእኔ በባሕር አረም ብቻ ሠራችልኝ። ከአኩሪ አተር ከሚሠራው ቶፉና ከነጭ ሩዝ ጋር አቀረበችልኝ። ልጆቹ ባልዲውን ከፍተው በየሳህናቸው ሲከፋፈሉ ትንሹ ልጅ የዶሮውን እግር ሊያጎርሰኝ እጁን ዘረጋ። አያቱ በጆሮው የሆነ ነገር አለችው። እጁን መለሰና ከኬኩ ላይ እንጆሪውን አንሥቶ፣ ክሬሙን በናፕኪን ጠርጎ ሰጠኝ። ስደት ላይ እንዲህ ያለ ሰው ማግኘት መታደል ነው።

የኛ ገና ሲደርስ የእነሱ ሁሉ ነገር አልፏል። ዋናው በዓላቸው አዲስ ዓመት ነው፤ ቤተሰብ ከያለበት የሚሰበሰበው ያኔ ነው። ጃንዋሪ 7፣ እኛ ጾም ፈትተን ዶሮ ወጥ ስንበላ፣ እነሱ ሰባት ዓይነት ቅጠል የገባበት የሩዝ ገንፎ ይበላሉ። በአዲስ ዓመት ምግብ የተጨናነቀ ሆድ እንዲያርፍ ነው ይላሉ። እኛ ስንጾም እነሱ ዶሮ፣ እኛ ዶሮ ስንል እነሱ ገንፎ!

ቶኪዮ ካትሱሺካ አካባቢ አበሻ ስለሚበዛ ቀኑን የምናሳልፈው እዚያ ተሰባስበን ነው። ለጎረቤቴ ግን ዶሮ ወጡን በሳህን ሳልወስድላት አልቀርም። በርበሬውን ቀነስ አደርግላታለሁ። ዘንድሮም ለእሷና ለልጆቹ እንቁላል ጨምሬ ነው የምሠራው።