ኪሎው ስንት ሆነ?

እኔ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ፤ ክርስቲያን። ባሌ የባቲ ልጅ ነው፤ ሙስሊም። የተዋወቅነው ደሴ ስናስተምር ነው። ወሎ ውስጥ እንዲህ ያለ ትዳር ብርቅ አይደለም። ለአባቴ ግን ከባድ ነበር። "በተክሊል እድርሻለሁ ብዬ ነበር" አለኝ፤ ከዚያ ስልኬን ማንሳት ተወ።

በተጋባን በ2ኛው ዓመት የባሌ ኩላሊት ሥራ አቆመ። በሳምንት 3 ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀጠሮ 4 ሰዓት ያህል እጥበት፤ ደሙን በማሽን ማጣራት ማለት ነው። ለማንም አልተናገርንም። ቤተሰቦቼ "አላልንሽም ነበር?" እንዳይሉኝ ፈራሁ። የሱን እናት ደግሞ ላለማስደንገጥ ብለን ደበቅናቸው። የምቆጭበት ነገር ቢኖር ይሄ ነው።

አንድ ቀን አማቴ ሳይነግሩን ከባቲ መጡ። ክንዱን ያዝ ሲያደርጉት ለእጥበቱ በቀዶ ሕክምና የተያያዘው ደም ሥር እጃቸው ላይ ነዘራቸው። "ይሄ ምንድን ነው?" አሉ። ነገርናቸው። አለቀሱ። እኔን "አብሽሪ ልጄ" አሉኝ፤ ወዲያው ደግሞ "እኔን ባዳ አደረጋችሁኝ!" ብለው ተቆጡ።

በዚያው ማታ አባቴን በጎረቤት ስልክ ደወልኩለት። ትዳሬን ተቀበልልኝ አላልኩም። "አባዬ፣ ባሌ ታሟል፤ ምግቡን የሚሠራልኝ ሰው ቸግሮኛል። እማዬን ላክልኝ" ብቻ አልኩት። ዝም አለ። ቆይቶ፣ "መቼ ትነሣ?" አለኝ።

እናቴና አማቴ አንድ ማጀት ገቡ። ለሥጋው ሁለት ቢላ፣ ሁለት ድስት ለዩ፤ እኔን አላማከሩኝም። ድንች ሲሠሩ ልጠው፣ አድቅቀው፣ በብዙ ውኃ ቀቅለው ውኃውን ይደፉታል፤ ፖታሲየም የሚባለው ማዕድን እንዲቀንስ ነው። የታመመ ኩላሊት አያስወጣውም፤ ሲበዛ ደግሞ ልብን ይጎዳልና ፖታሲየም የሚበዛባቸው ሙዝና ብርቱካን ከቤት ወጡ። ቡና ላይ ተቸገሩ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ካልተጠጣ ለነሱ ቡና አይባልም፤ ለሱ ግን በቀን የሚጠጣው ውኃ ልክ አለው፤ እያንዳንዷ ጉንጭ ከዚያ ትቀነሳለች። በመጨረሻ ከአቦል ግማሽ ስኒ ብቻ ተፈቀደለት። እኔ ጠዋት ጠዋት ኪሎውን ደብተር ላይ እጽፋለሁ። በአንድ ሌሊት ከጨመረ ኩላሊቱ ሳያስወጣው ሰውነቱ ውስጥ የቀረ ውኃ ነው።

መጋቢት 2 ቀን 2016 ረመዳንና ዐቢይ ጾም አንድ ላይ ገቡ። ባሌ ካልጾምኩ ብሎ አስቸገረን። አማቴ ሼኹን ጠርተው አመጡ። እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት ሰው አይጾምም፤ ለየቀኑ አንድ ምስኪን ያብላ አሉት። ያንን ምግብ አብዛኛውን ቀን የሠራችው እናቴ ናት፤ እሷ ራሷ እየጾመች።

እንደኔ ላለ ሰው አንድ ነገር ብቻ እላለሁ፦ ቤተሰብ በክርክር እስኪረታ አትጠብቁ። ሥራ ስጡት።

ባሌ ዛሬም እጥበት ላይ ነው። አባቴ ደሴ አልመጣም። ግን በእጥበቱ ቀን ጠዋት ይደውላል፤ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ፣ "ኪሎው ስንት ሆነ?" ይለኛል።