ኬክ ቆረሳው ላይ ማን ዘፈነ?

ዲሲ አካባቢ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት በማደርግበት ጊዜ ነው። የሐበሻ ሰርግ ታውቁታላችሁ፤ ከጠዋት እስከ እኩለ ሌሊት ነው። ያን ሁሉ ቀረጻ አይቼ አጭር ማስታወሻ አወጣለታለሁ።

ሙሽሪት እዚያው ተወልዳ ያደገች ናት። ለመጀመሪያው ዳንስ የኤታ ጄምስን «አት ላስት» መርጣለች። በፈረንጆቹ 1960 የተቀረጸ ዘፈን ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ግን ዛሬም ከሰርግ አይጠፋም። ቢሮ ውስጥ ካገኘሁት የሴት ጃዝና ሶል ዘፋኞች ስብስብ ሲዲ ላይ ወሰድኩት። ሽፋኑ ላይ ቀይ ጽጌረዳ አለ። ጽጌረዳ ካለ ፍቅር ነው፣ ፍቅር ከሆነ ለሰርግ ነው አልኩ።

ከዚያው ሲዲ ሌላ የኤታ ዘፈን ጨመርኩ፤ «አይድ ራዘር ጎ ብላይንድ»። በ1967 አላባማ፣ መስል ሾልስ የተቀዳ። ኦርጋኑ ለስለስ ያለ፣ ድምጿ አንጀት የሚበላ። ሙሽራው ከአንዷ ሚዜ ጋር እየሳቀ ሲያወራ የተነሳ ቆንጆ ምስል ነበረኝ። እሱ ላይ አስገባሁት። ልክክ አለ!

ሙሽሪት ለማየት መጣች። እዚያ ጋ ስትደርስ አስቆመችኝ።

«ወንድሜ፣ ቃሉን ሰምተኸዋል?»

የት ሰምቼ! ለካ ዘፋኟ ፍቅረኛዋ ከሌላ ሴት ጋር ሲያወራ አይታ ነገሩ እንዳበቃ ገብቷት ነው የምታለቅሰው። ጥሎኝ ሲሄድ ከማይ ብታወር ይሻለኛል ነው የምትለው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«ሚዜዋ እኮ እህቴ ናት!» ብላ በሳቅ ፈረሰች።

ኬክ ቆረሳው ደግሞ ባሰ። እዚያ ላይ የቢሊ ሆሊዴይን «ዶንት ኤክስፕሌን» ነበር የጫንኩት። ባሏ ኮሌታው ላይ ሊፕስቲክ ይዞ ከገባ በኋላ የጻፈችው ነው ይባላል።

እንግሊዝኛው እንዲህ ያለውን «ቶርች ሶንግ» ይለዋል። ቶርች ችቦ ነው፤ የሄደን ሰው ፍቅር እንደ ችቦ ይዞ ብቻን መንደድ። ስብስቦቹ ላይ ደስታውም ክህደቱም ጎን ለጎን ይሰለፋል፤ የሚያገናኛቸው ዝግታውና የድምፁ ቃና ነው። የኛው ትዝታ ቢሆን መቼ ሰርግ ላይ እከፍተው ነበር? በአማርኛ ቃሉ ቀድሞኝ ይገባላ።

ከሙሽሪት ጋር ቁጭ ብለን ሲዲውን አንድ በአንድ አዳመጥነው። ለኬኩ የዳይና ዋሽንግተንን የ1959 «ዋት ኤ ዲፍረንስ ኤ ዴይ ሜክስ» መረጠች፤ እሱ እውነትም የደስታ ነው።

በማግስቱ ስገባ አለቃዬ የሲዲው ሽፋን ላይ በማርከር በትልቁ ጽፎበታል፦ «ለፍቺ ብቻ»።