እናቴ ስልክ ላይ የቀረው ገጽ

እናቴ ስልኳን ወደ እኔ አዞረችው። «ይኸው፣ መንግሥት ራሱ ጽፎታል። አንቺ ለምን ትከለክይኛለሽ?»

ቃር ካስቸገራት ብዙ ዓመቷ ነው። ራኒቲዲን ትወስድ ነበር፤ ይስማማታልም። እኔ ፋርማሲስት ነኝ፤ መድኃኒቱን አብዛኛውን ጊዜ በእጄ ያቀበልኳት እኔው ነኝ። ከዚያ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር (ኤፍዲኤ) እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 2020 ራኒቲዲን ያለበት መድኃኒት ሁሉ ከገበያ እንዲወጣ አምራቾቹን ጠየቀ። በዚያው ወር መጨረሻ የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲም እንዲታገድ ሐሳብ አቀረበ። እኔም እናቴን «ከዛሬ ጀምሮ ይቅርብሽ፣ ሐኪምሽ ሌላ ይዘዝልሽ» አልኳት።

ያሳየችኝ ገጽ የአንድ የግል የጤና ድረ ገጽ ነው። «ለአጭር ጊዜ ሲወሰድ ብዙ ሰው ያለ ችግር ይጠቀምበታል» ይላል። ግርጌው ላይ መረጃው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የተገኘ እንደሆነ ተጽፏል። ቀን የለውም። አንብቤው ዝም አልኩ፤ ምክንያቱም ውሸት አልነበረም። በተቀዳበት ጊዜ እኔም ለደንበኞቼ የምናገረው ይህንኑ ነበር።

«እማ፣ ይሄ የድሮ ነው» አልኳት።

«ድሮ እውነት የነበረ ዛሬ ውሸት ይሆናል እንዴ?»

ጥያቄዋ ተገቢ ነው። ስለዚህ ቁጭ ብዬ አስረዳኋት። ችግሩ ኤንዲኤምኤ የሚባል ኬሚካል ነው፤ በሰው ላይ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ተብሎ የሚጠረጠር። መጀመሪያ በ2019 በአንዳንድ ምርቶች ውስጥ በጥቂቱ ተገኘ ተባለ። በኋላ ሲመረመር መጠኑ መድኃኒቱ በቆየ ቁጥር፣ ይልቁንም ከክፍል ሙቀት በላይ ሲቀመጥ፣ እየጨመረ እንደሚሄድ ታወቀ። ከፋብሪካ ሲወጣ ደህና የነበረው ክኒን መደርደሪያ ላይ ቆይቶ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ያ ገጽም እንደዚያው ነው አልኳት። ሲጻፍ ደህና ነበር፤ የተበላሸው ሲቀመጥ ነው።

ይህን የምጽፈው የመንግሥት የጤና መሥሪያ ቤቶች መረጃቸውን ለማዳረስ ከሌሎች ድርጅቶች ጋር መሥራታቸውን ለመቃወም አይደለም። እንዲያውም አጥብቄ እደግፈዋለሁ። ሌሊት ሆዱን ያመመው ሰው የመንግሥት ድረ ገጽ አድራሻ አያስታውስም፤ ስልኩ መጀመሪያ ያመጣለትን ያነባል። ኤፍዲኤ በዲሴምበር 2008 ዌብኤምዲ ከሚባለው የግል የጤና ድረ ገጽ ጋር ሲስማማ የፈለገው ይህንኑ ነው፤ ማስጠንቀቂያው ሕዝቡ ቀድሞ በሚሰበሰብበት ቦታ እንዲገኝ። የዓለም ጤና ድርጅትም በማርች 2020 የኮቪድ መረጃውን በዋትስአፕ ያሰራጨው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከሁሉ ልቤን የሚነካው ግን ማምኮኔክት የሚባለው የደቡብ አፍሪካ የእናቶች የስልክ መልእክት አገልግሎት ነው። የአገሪቱ ጤና ሚኒስቴር በኦገስት 2014 ፕሬክልት ከሚባል ድርጅትና ከሌሎች አጋሮች ጋር ጀመረው። ነፍሰ ጡሯ በእርግዝና ክትትል ላይ እያለች በስልኳ ትመዘገባለች፤ ከዚያ የእርግዝናዋን ሳምንት እየተከተለ አጭር መልእክት ይደርሳታል፣ ከወለደች በኋላም ስለ ሕፃኑ። ምንም አትከፍልም። መልእክቱ የተዘጋጀው በጊዜው በነበሩት በ11ዱም የአገሪቱ የሥራ ቋንቋዎች ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሴቶች ተመዘገቡ። ዋናው ነገር ግን እናትየዋ መልሳ መጻፍ መቻሏ ነው። ጥያቄ ትጠይቃለች፣ በጤና ጣቢያው ቅር ካላት ቅሬታዋን ታሰማለች። ሥራዬ መስኮት ላይ ስለሆነ አውቀዋለሁ፤ ወረቀት ተቀብሎ የሚሄድ ሰው ምን እንዳልገባው የሚነግርህ ዞር ብሎ ሲመለስ ነው። የማይመለስበት መንገድ ከሠራንለት ስህተታችንን በምን እናውቃለን?

በአንጻሩ ከግል ወደ መንግሥት የሚሄድ መረጃም አለ፣ ብዙ ሰው ልብ አይለውም እንጂ። የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት በ1998 የከፈተው ሜድላይንፕላስ የሕክምና መዝገበ ዕውቀቱን የሚወስደው አዳም ከሚባል ኩባንያ ነው፤ የመድኃኒት ገጾቹን ደግሞ ከአሜሪካ የጤና ተቋማት ፋርማሲስቶች ማኅበር። ማስታወቂያ አይቀበልም። ገጹ መጨረሻ የታየበት ወይም የታረመበት ቀን ግርጌው ላይ ተጽፏል። ለደንበኛ ሳነብለት መጀመሪያ ወደዚያ ቀን ነው የምወርደው።

የገንዘቡም ነገር አለ። በ2010 ሴናተር ቸክ ግራስሊ ዌብኤምዲን ስለ አንድ የድብርት መመርመሪያ መጠይቅ ጠይቀውት ነበር፤ የመጠይቁ ስፖንሰር መድኃኒት አምራቹ ኢላይ ሊሊ ስለነበረ። የመንግሥት ማስጠንቀቂያ እና በመድኃኒት ፋብሪካ ገንዘብ የተሠራ መጠይቅ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲቀመጡ አንባቢው የአንዱን አመኔታ ለሌላው ያውሰዋል። ይህ ያሳስበኛል። ግን እንደ ቀኑ ጉዳይ እንቅልፍ አይነሳኝም፤ የማስታወቂያን ሳጥን አስተዋይ ዓይን ሊለየው ይችላል፣ ያረጀን እውነት ግን ማንም በዓይኑ አይለየውም።

በድምፅ ሲሆን ይብሳል። የብሪታኒያው የመንግሥት ጤና አገልግሎት (ኤንኤችኤስ) በጁላይ 2019 ከአማዞን ጋር ተስማምቶ፣ የጤና ጥያቄ ሲቀርብላት አሌክሳ የምትባለው የአማዞን የድምፅ ረዳት ከኤንኤችኤስ ድረ ገጽ ወስዳ እንድትመልስ ተደረገ። ማየት ለተሳነው፣ ማንበብ ለሚከብደው ሰው ትልቅ ነገር ነው፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን ድምፅ ግርጌ የለውም። መልሱ መቼ እንደተጻፈ ወርዶ የሚታይበት ቦታ የለም፤ ስለዚህ ከበስተጀርባው ያለው ጽሑፍ ሁልጊዜ የዛሬው መሆን አለበት።

መፍትሔው ከባድ ቴክኒክ አይደለም። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) አጋሮች ጽሑፉን ገልብጠው እንዲወስዱት ሳይሆን አጭር ኮድ ገጻቸው ላይ እንዲተክሉ የሚያስችል አሠራር አዘጋጅቶ ነበር። ሲዲሲ የራሱን ጽሑፍ ሲያርም የአጋሩም ገጽ አብሮ ይታረማል። ስምምነት ሲፈረም ስለ አርማና ስለ ምስጋና ብዙ ይጻፋል፤ እኔ ብሆን መጀመሪያ የማስገባው አንቀጽ ይህ ነበር። እናንተ ስትሰርዙ እኛም በዚያው ቀን እንሰርዛለን የሚል። ይህን መፈረም ያቃተው አጋር የመሥሪያ ቤቱን ስም ግርጌው ላይ ማስቀመጥ አይገባውም ብዬ አምናለሁ።

ለዚያ ድረ ገጽ ባለቤቶች ጻፍኩላቸው። የትኛው አንቀጽ እንደሆነ፣ ምን እንደተለወጠ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አንድ በአንድ አስቀመጥኩ። ሦስት ሳምንት ያህል ቆይተው በአክብሮት መለሱልኝ፤ ገጹንም አነሱት። እናቴ አሁን ሐኪሟ ያዘዘላትን ሌላ መድኃኒት ትወስዳለች።

ገጹ መነሳቱን በነገርኳት ማታ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ስልኬ ላይ ፈለግሁት። በሌላ ድረ ገጽ ላይ ቃል በቃል አገኘሁት፤ ግርጌው ላይ ያው የመሥሪያ ቤት ስም፣ ቀን የሌለው። ለእነዚህም ጽፌያለሁ። እስካሁን አልመለሱልኝም።